ሸማኔ የሌለበት ኮሌጅ

ቆይ፣ የያዛችሁትን ለአፍታ አስቀምጡትና ይሄን ስሙኝ፤ ካልተነፈስኩት ሆዴን ሊያፈነዳው ነው። ለተሳፋሪ ሁሉ ሳወራ ሹፌሬ "ወይ ወሬውን ወይ ሂሳቡን ሰብስብ!" ብሎ ጮኾብኛል። ኢዮብ እባላለሁ፣ ሸጎሌ ሸጎሌ እያልኩ የምጣራ የታክሲ ረዳት ነኝ። ፊልም ፊት ስቀመጥ ግን በቃ ሌላ ሰው ነኝ።

የማወራላችሁ ስለ እትዬ ምሥራቅ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይኛው ሰፈር እሷን የማያውቅ የለም። ድሮ ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከመች ታወርድ ነበር፤ እሷ ከሸክሙ ስር አትታይም፣ ቅጠሉ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። በኋላ ወገቧ እምቢ አለ። እድሩ የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ቤት አለው አይደል? ግማሹን አከራያትና ቴሌቪዥን አስገባች። ቅዳሜና እሁድ ኳስ፣ ሌላ ቀን ፊልም።

መጀመሪያ ላይ ማይክ ይዞ ፊልሙን ባማርኛ የሚተረጉም ልጅ ቀጥራ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ፊልሙ መሃል ላይ ስልክ ተደወለለትና ወጣ፣ ሌላ ስራ አግኝቶ ነው፣ በዛው ቀረ። ሰው ጮኸ። "ታዲያ ማን ገደለው? ንገሩና!" እትዬ ምሥራቅ ማይኩን አነሳች። እንግሊዝኛ? "ኖ" እና "ኦኬ" ነው የምታውቀው። ግን ገዳዩን ገና ስታየው "አንተ ሰው፣ እናት የለህም?" ብላ ስትጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ከዛን ቀን በኋላ ሌላ ተርጓሚ ማን ይፈልጋል?

እሷ እኮ አትተረጉምም፤ ትመክራለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። አክተሩ ጨለማ ቤት ሊገባ በሩን ሲነካ "ተመለስ አንተ! ላናትህ አንድ ነህ!" ትላለች። መሳሳም ሲመጣ ደግሞ ትነሳና ነጠላዋን ስክሪኑ ላይ ትዘረጋለች። "ማስታወቂያ!" ትልና እስኪያልፍ ድረስ የሰፈሩን ሱቅ ሁሉ ታስተዋውቃለች። እኛ እንጮሃለን፣ እናፏጫለን፣ እሷ ንቅንቅ የለም።

እንግዲህ ፊልሙ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በፍላሽ። የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። ወንዶቹ ማህበር ነገር አላቸው፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ትምህርት የሚባል ነገር የለም! በቱቦ ቢራ መጋት፣ አዲስ የገባውን ልጅ እንደ አህያ መጋለብ፣ የመምህሩን መኪና በጀሶ መሙላት። ከዛ ደግሞ አንሶላ ብቻ አገልድመው ይጨፍራሉ፣ ከስሩ ምንም! ዋነኛው አንድ ወፍራም ልጅ ነው፣ እሱ ብቅ ሲል ገና ሳይናገር ነው የምትስቁት።

ሰው በሳቅ አለቀ። አስተያየቱ ደግሞ ከፊልሙ ይብሳል። አናጢው ጉታ "የቤት ኪራዩን ማነው የሚከፍለው? እሱን ሳይነግሩኝ እንዴት ልሳቅ?" አለ። ሰምሀል ከኛ መሃል ካምፓስ ገብታ የተመረቀችው እሷ ብቻ ናት፣ "ውሸታሞች! የኔ አራት አመት ውሃ ለመቅዳት ስሰለፍ ነው ያለቀው" አለች። እኔ አስር ካስር ሰጠሁት፣ ሁለቴ አየሁት።

ችግር ያመጣው ተስፋሁን ነው። የእትዬ ሸዋገነት ልጅ ነው። እትዬ ሸዋገነት ዋናው መንገድ ላይ ጋቢና ነጠላ የምትሸጠዋ። ይሄ ልጅ ፊልሙን ባየ ማግስት ከእናቱ ሱቅ አዲስ ጋቢ አወረደ፣ ልብሱን ሁሉ አወለቀ፣ እንደ ፊልሙ አንድ ትከሻው ላይ ጥሎ አገለደመና ሱቁ ፊት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ "ፓርቲ!" አለ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ የሙሽራ ቤተሰብ ልብስ እየመረጠ ነው። የሙሽራዋ አያት ሳይቀሩ አሉ።

ጋቢው ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላወራውም።

እትዬ ሸዋገነት ከልጇ ጋር ሳምንት ሙሉ አልተነጋገረችም። ምግቡን አቅርባ ፊቷን ታዞራለች። ከዛ እድር ሄዳ ከሰሰች፤ ልጇን ሳይሆን እትዬ ምሥራቅን። "በእድር ቤት ብልግና ታስተምራለች፣ ቁልፉን ይቀበሏት!" አለች። ቁልፉ ከሄደ እትዬ ምሥራቅ ምን አላት? እንጦጦ ነው፣ ቅጠል ነው፣ በዛ ወገብ።

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለ መለኮት ናቸው፣ የጋሞ ሰው፣ ከልጅነታቸው ጀምረው ሸማ የሚሰሩ። ሁለተኛው ጋሽ ነገራ፣ ሸጎሌ ከብት ነጋዴ ናቸው፣ ዱላቸውን ቤት ውስጥም አይለቁም። ከኋላ እትዬ ሸዋገነት ልጇን በእጅጌው እየጎተተች ገባች።

"ልጁን ያሳበደውን ፊልም ክፈቺው" አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት። "አይተን እንፈርዳለን።"

እኔ ለእትዬ ምሥራቅ በጆሮዋ "በሱ ፈንታ የህንድ ፊልም ልክፈት?" አልኳት።

"ተስፋሁን እዚህ ተቀምጦ? ሞኝ ነህ እንዴ?" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩን ያዘች። "ክፈተው በቃ። የሰጠኝን እናገራለሁ።"

ከፈትኩት። ወፍራሙ ልጅ ተንጋሎ፣ ጓደኞቹ በቱቦ ቢራ እያንቆረቆሩበት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ነገራ።

እትዬ ምሥራቅ "ኮሶ ነው" አለች። "ልጁን ሆዱን አሞት፣ ጓደኞቹ ኮሶ እያጠጡት ነው። ወላጅ አጠገባቸው የለ፣ እርስ በርስ ነው የሚረዳዱት።"

ተስፋሁን አይኑ ፈጠጠ። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ወፍራሙ ልጅ ተነስቶ አስመለሰ።

"ካስመለሰውማ አልሻረም" አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት፣ አገጫቸውን ይዘው። "ድገሙለት በያቸው።"

ወንድሞቼ፣ ደገሙለት! እዛው ስክሪኑ ላይ!

"ይሰማሉ እኮ" አሉ ጋሽ ነገራ ተገርመው።

ቀጠለ። አዲሱ ልጅ በአራት እግሩ፣ ትልቁ ጀርባው ላይ ተቀምጦ። እትዬ ምሥራቅ ሳትተነፍስ "ታላቁን አዝሎ ሐኪም ቤት እየወሰደው ነው" አለች።

ጋሽ ነገራ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ልጁን ከላይ እስከ ታች ገመገሙት። "እግሩ ደህና ነው። ወገቡ ግን ሸክም አያውቅም። እኔ ብሆን አልገዛውም።"

ከዛ መጣ፤ የአንሶላው። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ነጭ ነገር አገልድመው ግቢውን ሞሉት። እትዬ ሸዋገነት ብድግ አለች። "ይሄው! ይሄ ነው! ልጄን ያዋረደው ይሄ ነው!"

እኔ በልቤ አለቀላት አልኩ። እትዬ ምሥራቅ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ቀስ በይ ሸዋዬ፣ ለቅሶ ቤት ነው" አለች። "የመምህራቸው እናት አርፈው ነው።"

እትዬ ሸዋገነት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለቅሶ ሲባል ማን ይቆማል?

የተነሱት ጋሽ ኃይለ መለኮት ናቸው። ስክሪኑ ድረስ ሄደው የአንዱን ልጅ ትከሻ በጣታቸው ነኩት። "ለቅሶ ከሆነ ጥለቱ የታለ? ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞራል። እነዚህ ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ።"

"ጥለት የለውም ጋሼ። አንሶላ ነው።"

"ለምን አንሶላ?"

"ሸማኔ የላቸውማ።"

ጋሽ ኃይለ መለኮት ዞር አሉ። "አንድም?"

"አንድም ጋሼ።"

ሃምሳውን ልጅ አንድ በአንድ አዩአቸው፣ እውነቴን ነው። "ይሄን የሚያህል አገር" አሉና ሄደው ተቀመጡ።

ከዛ ልጆቹ መዝለል ጀመሩ፤ ሙዚቃው ቤቱን ነቀነቀው። "ለቅሶ ላይ ይጨፈራል?" አሉ ጋሽ ነገራ፣ ዱላቸው መሬት መታ።

"እናንተ ጋር ባይጨፈርም ጋሞ ደጋ ላይ ሽማግሌ ሲሞት አይዘለልም?" አለች እትዬ ምሥራቅ።

"እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት። "አባቴ የተቀበሩ ዕለት ጦር ይዤ ዘልያለሁ። እድሜ ጠግቦ ለሞተ እንደዛ ነው።"

"እኔ ሚስቴን ስቀብር እንጨት ሆኜ ነው የቆምኩት" አሉ ጋሽ ነገራ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "መዝለል ይሻል ነበር።" አይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

እኔ ግን ላብ በላብ ነኝ። ምክንያቱም ቀጥሎ ያለውን አውቃለሁ። የወፍራሙ ልጅ አንሶላ ሊወርድ ነው፣ ፊት ለፊት፣ ከቅርብ! ሪሞቱን ብጫነው እምቢ። ተስፋሁን አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም እትዬ ምሥራቅን አየናት። በሁለት እርምጃ ስክሪኑ ጋ ደርሳ ነጠላዋን ዘረጋች።

"ማስታወቂያ!" አለች። "አንሶላ ይንሸራተታል፣ ሐዘንተኛ ያዋርዳል! የሸዋገነት ጋቢ ግን ሰውነት ይይዛል! የሸዋገነትን ጋቢ የለበሰ በአደባባይ አይዋረድም!"

"አይዋረድም?" አለች እትዬ ሸዋገነት። "የኔም ጋቢ ወርዷል! ሰው ሁሉ እያየ ወርዷል!"

ይሄኔ ተስፋሁን ተነሳ። ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ጋር ቃል ያልተለዋወጠ ልጅ። "ጋቢው ምንም አላደረገም፣ እማ" አለ። "ጋቢው አንደኛ ነው። እኔ ነኝ አስተሳሰሩን ያልቻልኩት።"

እትዬ ሸዋገነት አየችው። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው። "እስኪ አሁን ምን ይባላል? የሙሽራዋ አያት እኮ እስካሁን ይስቃሉ አሉ!" አለች። ተስፋሁን አጠገቧ ተቀመጠ፣ እሷም በክርኗ ጎሸመችው።

"አለቀ?" አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

"አለቀ" አለች እትዬ ምሥራቅ ነጠላዋን ሳታወርድ። ገና ግማሽ ይቀረዋል። ሶኬቱን ነቀልኩት።

አስተያየት ተጠየቀ። ጋሽ ነገራ "ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ላም እንኳ የለበትም" አሉ። እትዬ ሸዋገነት "ሸማኔ ከሌላቸውማ እዛ ሱቅ የከፈተ ይከብራል" አለች፤ ክሱን ረስታዋለች። ጋሽ ኃይለ መለኮት ተነሱና ፈረዱ። "ቁልፉ እሷው ጋር ይቆይ።" ከዛ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። "ቤትሽ አይዘጋ። አንደበትሽ ይባረክ።"

አሜን አልን። እትዬ ምሥራቅ ግን ማታውን አልበላችም አሉኝ። በማግስቱ ታክሲ ላይ መጥታ ከስራ ጎትታ አወረደችኝ። "ስድብ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር" አለች። "በዋሸሁበት አንደበት ምርቃት እንዴት እበላለሁ? ፊልሙን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ።"

ሄድን። ጋሽ ኃይለ መለኮት ቤታቸው እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው እየሸመኑ ነው፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይበራል። እትዬ ምሥራቅ በሩ ላይ እንደቆመች አፈረጠችው። "ጋሼ፣ ኮሶ አልነበረም። ለቅሶም አልነበረም። ቢራና ጭፈራ ነው። ከፈለጉ ቁልፉ ይኸው።"

መወርወሪያው አልቆመም። "ኮሶ አረፋ አለው እንዴ ልጄ? እኔ ኮሶና ቢራ ሳልለይ ነው የሸበትኩት?"

እኔ አላስቻለኝም። "ታዲያ ጋሼ፣ ድገሙለት ያሉት?"

"ዝም ካልኩ ልስቅ ነዋ! ዳኛ ሆኜ ልሳቅ?" አሉ። "ሸዋገነት ፍረዱልኝ ብላ ስትመጣ የታመመው ነገር ፊልም አልነበረም። እናትና ልጅ ነበሩ የታመሙት። ታርቀው ወጡ አይደል? እኔ ሌላ ምን ልፍረድ? ቁልፉን መልሺና ኪስሽ ክተቺ። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለውን ለልጆች እንዳታሳዪ።"

"እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ" አለች፤ እውነተኛ እንባ ነው የወረዳት።

ትንሽ ሸመኑ። ከዛ "ሸማኔ የላቸውም ያልሽው ግን..." አሉ።

"እሱን እኔም አላውቅም ጋሼ።"

"እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጨርሰኸዋል አይደል? ያ ወፍራሙ ልጅ እንዴት ሆነ? ወደቀ?"

"አልፏል ጋሼ። መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ያመጡታል። ዳኛ ሆነ።"

መወርወሪያው ቆመ። እኔን አዩኝ፣ እትዬ ምሥራቅን አዩ፣ ከዛ ከትናንት ጀምረው የያዙት ሳቅ በአንዴ ወጣ፤ ጉድጓዱ ውስጥ እስኪንሸራተቱ ድረስ ሳቁ። "ዳኛ!" ይላሉ። "በሉ ሂዱልኝ! ለእድሩ እንዳትነግሩ!"

እኔ ግን ይኸው ለእናንተ ነገርኳችሁ፣ አልቻልኩም። እስኪ እናንተም አውሩኝ፤ ከአባታችሁ፣ ከእናታችሁ ወይ ከሰፈር ሽማግሌ ጋር ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ ፊልሙ ድንገት የሚያሳፍር ነገር ሲያመጣ ምን ብላችሁ አለፋችሁት?