ሁለቴ ሲመታ ሂድ፣ አንዴ ሲመታ ቁም

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ናዝሬት ላይ በማስተምርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አንድ የቆርቆሮ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ፊዚክስ ስለሆነ ለምሰማው ድምፅ ሁሉ ምክንያት መፈለግ ልማዴ ነው። የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

በዚያ ዓመት ለአብዮት በዓል ተብሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ አሮጌ የሕዝብ ማመላለሻዎች ለእይታ ተሰበሰቡ። የከተማው ሰው ቦታውን «ሙዚየሙ» ይለው ጀመር። የባለቤቴ አባት ጋሽ ቶላ ወሬውን እንደ ሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አፍንጫማዋ አለች?»

አፍንጫማዋ፣ ጋሽ ቶላ በናዝሬትና በአሰላ መካከል ለዓመታት የነዷት አውቶቡስ ናት። መኖሯን ሳረጋግጥላቸው፣ በሰው ትከሻ ካልሆነ ከአልጋቸው የማይነሡት ሽማግሌ «ውሰደኝ» አሉ።

ለምን እንደፈለጉ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዘመን ሾፌር ወደ ኋላ አይመለከትም ነበር። በኋላው በር የሚቆመው ረዳት የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ይመታል፤ ሁለቴ ሲመታ ሂድ፣ አንዴ ሲመታ ቁም ማለት ነው። ሾፌሩ ለዚያ እጅ ይታዘዛል።

የጋሽ ቶላ ረዳት ደምሴ የሚባል የልጆች አባት ነበር። በቀይ ሽብር ወቅት፣ ከደራ ወዲያ ባለ አንድ ኬላ ታጣቂዎች አውቶቡሷን አስቁመው ደምሴን አስወረዱት። ከመካከላቸው አንዱ ጋሽ ቶላን «ፊትህን ወደ ፊት!» አላቸው። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ሁለት ምት ተሰማ። ነዱ። አሰላ ሲደርሱ የኋላው በር ላይ ማንም አልነበረም። ባዶ መኪና ይዘው ወደ ኬላው ቢመለሱ ታጣቂዎቹ «እንዲህ ያለ ሰው አላየንም» አሏቸው። ደምሴ ከዚያ በኋላ አልተገኘም፤ ጋሽ ቶላም መሪ አልያዙም።

«የመታው እሱ ከሆነ፣ ሰዉን አትርፍ ብሎ ሸኝቶኛል» ይሉ ነበር። «ታጣቂው ከሆነ ግን ጥዬው ሄጃለሁ።»

እኔ ሳልዘጋጅ የትም የምሄድ ሰው አይደለሁም። ለእሑድ ጋሪ አነጋገርኩ፤ ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት አወጣሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይም ቦታውን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። የአውቶቡሷን ደረጃ ከፍታ በሲባጎ ስለካ የመጋዘኑ ጠባቂ አየኝ።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር! ሊጎበኟት ነው ወይስ ሊገዟት?»

«ነገ አንድ ሽማግሌ አመጣለሁ። ሾፌሯ ነበሩ።»

«ታዲያ ይምጡ እንጂ! መንጃ ፈቃድ አንጠይቃቸው!»

እየሳቀ ወደ በሩ ተመልሶ ሸንኮራውን መላጥ ጀመረ። እኔም ቦታው ለጋሽ ቶላ ጉልበት ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጋዘኑ እንደ ምድጃ ይግላል። የላስቲክና የአሮጌ ዘይት ሽታ አለ።

ከኋላ በስተቀኝ በኩል ጎኗ ተመታ።

የመጀመሪያው ምት የሙሉ መዳፍ ነው። ሁለተኛው ግን ከመዳፉ ሌላ ቀጭን የብረት ድምፅ ነበረበት፤ ብርጭቆ በማንኪያ ጫፍ ሲነካ እንደሚያሰማው ያለ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ወርጄ ዙሪያዋን ዞርኩ። ጎኗን የሸፈነው አቧራ አልተነካም፤ መሬቱ ላይ ያለው የእኔና የጠባቂው ዱካ ሲሆን፣ የእሱ ወደ ኋላው በር አይደርስም። ጠባቂው ከሩቅ ሸንኮራውን ይመጥጣል።

ቆርቆሮ በሙቀት ሲለጠጥ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ቆርቆሮ ግን መዳፍ የለውም።

ለጋሽ ቶላ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ስለ ደረጃው፣ ስለ በሩ ስፋት ነገርኳቸው። ፊቴን አዩና «ሌላስ?» አሉ። ነገርኳቸው። አጠገባቸው ያለውን ሣጥን መትቼም አሰማኋቸው፤ ለሁለተኛው ምት የቤቱን ቁልፍ ከመዳፌ ጋር ያዝኩ።



«የብር ቀለበት ነበረው» አሉ። «ሁለተኛውን ሲመታ ጣቱን አጠፍ ያደርጋል። ‹ቀለሟን ላጥካት፣ አንተ!› እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!»

ስለዚህ ቀለበት ልጃቸው እንኳ ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ያን ቀን ኬላው ላይ ቀለበቱ ተሰምቶዎት ነበር?» አልኳቸው።

«ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። የሰማሁት ልቤን ብቻ ነው።»

በማግስቱ በጋሪ ወሰድናቸው። እኔ ለዚያ ሁሉ ስዘጋጅ የዋልኩት ከመሪዋ ኋላ ላስቀምጣቸው ነበር። እሳቸው ግን አልወጣም አሉ።

«ወደ ኋላው በር አድርሰኝ።»

እኔና ባለ ጋሪው ደግፈን አቆምናቸው። መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ።

«እስከ ዛሬ ሂድ እያልከኝ ነበር?» አሉ። የሚያናግሩት እኔን አልነበረም።

ከዚያም አንዴ ብቻ መቱ።

«ደርሰናል። ውረድ፣ ደምሴ።»

አውቶቡሷን የተሸከመው የኋላው ባሌስትራ ጮኸ። አውቶቡሷ በበሩ በኩል ዝቅ አለችና ቀስ ብላ ተነሣች፤ ክብደት ያለው ሰው ደረጃ ረግጦ ሲወርድ እንደምትሆነው። ሦስታችንም አየነው። ጠባቂው ከበሩ ሆኖ «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ጋሪው ላይ ስናወጣቸው ጋሽ ቶላ እንባቸውን ጠረጉ። ትንሽ ቆይተውም፣ ለዓመታት ሰው ሲለምናቸው እምቢ ያሉትን ነገር በራሳቸው አንደበት ጠየቁ፤ «ሶደሬ መቼ ትወስደኛለህ? ይህን እግር ፍል ውኃው ውስጥ ልዘፍዝፈው።»

ወሰድኳቸው።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ መጋዘኑም የለም። ያረጀ ብረት ለምን እንደሚጮህ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ፤ በልቤም ደርድሬያለሁ። ስለ ቀለበቱ ግን አንድም አላገኘሁም። አሁን አሁን መፈለጉንም ትቼዋለሁ፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬም ታክሲ ስሳፈር ከኋላ ጎኗ ከተመታ ዞር እላለሁ። የመታውን እጅ ካላየሁ ወንበሬ ላይ አልደላደልም።