በሁዳዴ ያገኘሁት ፈቃድ

ሥራ የጀመርሁ ቀን የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ሽርጥና ጭልፋ ሰጥተው ወደ ኩሽና ላኩኝ። አዲስ አበባ ሄጄ የተማርሁት የሕሙማንን ምግብ ማዘዝ ነው ብላቸው፣ «እሱንም ወጡን እያማሰልሽ ታዥዋለሽ» አሉኝ። ያኔ ጎንደር ውስጥ ነርሷ ነርስ ናት፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰር ነው፤ እኔ ግን ወጥ ሠሪዋ ነበርሁ። ፒያሳ ስወጣ እንኳ ሰው ስለ ሽሮ ነበር የሚጠይቀኝ።

በእጄ የነበረው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ነው። ቋሚው የሚገኘው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፈታኝ፣ በምግብ አሻሽዬዋለሁ የምለውን አንድ ሕመምተኛ አልጋው ድረስ ሄዶ ካየ በኋላ ነበር። ከወደቅሁ ወጥ ሠሪ ሆኜ መቅረቴ ነው። ባልፍም በየጊዜው ማሳደስ አለብኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩና፣ «ድጓ እንኳ አንዴ ካስመሰከሩት በቃ። የእናንተ ትምህርት ምነው አያልቅም?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ለፈተናው የመረጥሁት ሕመምተኛ አያ ደረሰ የሚባሉ የአዲ አርቃይ ገበሬ ናቸው። አዝመራው ጠፍቶባቸው እህል አጥተው ከርመው፣ ከገና በኋላ እግራቸው አብጦ መጡ። ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ስርጉዱ ቶሎ አይሞላም ነበር። ገላ የሚገነባ ምግብ ሲጠፋ ሰውነት ውኃ ይቋጥራል። ከረቡዕና ዓርብ በቀር እንቁላልና ወተት አዘዝሁላቸው፤ እብጠቱ መጉደል ጀመረ። «ሸጋ ምግብ ነው፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። አያ ደረሰ የወተቱን ኩባያ በእጃቸው መለሱት።

«ምነው አያ?»

«ጾም አይደለም እንዴ?»

«ለታመመ ሰው ይፈቀዳል እኮ።»

«የሚፈቅዱልኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። አንቺ ቄስ ነሽ?»

አጠገባችን ካለው ደብር ሄጄ አንድ ቄስ ለመንሁ። ነገሩን አዳምጠው፣ «የሌላ ካህንን የንስሐ ልጅ እኔ እንዴት እፈታለሁ? የራሱን አባት አስመጪ» አሉኝ። በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ለሚወርድ የጭነት ማኪና ሾፌር መልእክት ሰጠሁ። ያቺ ማኪና መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

እስከዚያው የጾም ምግብ አዘዝሁ፤ ሽምብራ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የአጃ አጥሚት። አጥሚቱን የምታፈላው የሌሊት ተረኛዋ ረዳቴ ነበረች። በዚያ ብቻ ቶሎ እንደማይድኑ አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን አለኝ?

የሆስፒታሉ ኃላፊ የነበረው ጤና መኮንን ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳልወድቅበት ይፈልግ ነበር።

«የዱቄት ወተት አለን። አጥሚቱ ውስጥ በትኚበት፤ አያውቁትም።»

«እሳቸው ባያውቁ እኔ አውቃለሁ።»

«ይሞታሉ እኮ፣ ወይዘሪት።»

«የንስሐ አባታቸው እየመጡ ነው። እስከዚያ አላደርገውም።»

«እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ» አለኝ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ።

ከቀናት በኋላ አያ ደረሰ ጎድጓዳ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። «ልጄ፣ ይህ አጥሚት ነጣብኝ። ወተት የለበትም?»

«የለበትም» አልኋቸው። ትክ ብለው ሲያዩኝ፣ «ማርያምን፣ የለበትም» ብዬ ማልሁ። አመኑኝና ጠጡት። የእግራቸው እብጠት ደግሞ እየቀነሰ ሄደ። የሽምብራዬ ሥራ መስሎኝ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር።

ፈታኙ መጣ። ባለ ክራቫት፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው። አያ ደረሰ አጥሚታቸውን እየጠጡ ነበር። ቅልጥማቸውን ተጫነ፤ ስርጉዱ ወዲያው ሞላ።

«በምንድን ነው የመገብሻቸው?»

የጾሙን ምግብ አንድ በአንድ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ጊዜ ውስጥ ሽምብራ ይህን አያደርግም። ወይ ሙያውን አታውቂም፣ ወይ እየዋሸሽኝ ነው» አለና ሊወጣ ተነሣ።

ጤና መኮንኑ ተከትሎት መጥቶ ነበር። ሊያድነኝ ብሎ፣ «ወተት አለበት። አጥሚቱ ውስጥ እንዲጨመር ኩሽናውን ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አለ። በእንግሊዝኛ ሳይሆን ሕመምተኛው በሚሰማው አማርኛ ነው ያለው፤ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ።

አያ ደረሰ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡት።

ፈታኙ ፊቱ ፈታ አለ። «ታዲያ ይህን አትዪም ኖሯል?» አለኝ። ማለፌን እዚያው ነገረኝ። ስመኘው የኖርሁት ነገር በእጄ ገባ፤ የማየው ግን ሳህኑን ነበር።

ሰዎቹ ሲወጡ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። «አያ፣ አላወቅሁም።»

«ማርያምን ብለሽኝ ነበር» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ቆሎም ሆነ ሽምብራ፣ ከእኛ ኩሽና የወጣ ነገር አልቀመሱም። ከአስታማሚዎች የሚለምኑት ቁራሽ እንጀራ ብቻ ነበር ምግባቸው። እግራቸው ተመልሶ አበጠ። የንስሐ አባታቸው በማኪና ሲደርሱ ሮጬ ተቀበልኋቸው። ሽማግሌው ቄስ ምንም አላንገራገሩም። «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፤ ወተቱን ጠጣ» አሉ።

«ከእርስዎ እጅ እጠጣለሁ፣ አባ። ከዚህ ቤት ግን ውኃም አልቀምስ።»

ቄሱ አዩኝ። በማግሥቱ ይዘዋቸው ወረዱ። አያ ደረሰ ቤት የምትታለብ ላም እንደሌለች እኔም ቄሱም እናውቅ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ማረፋቸውን ሾፌሩ ነገረኝ። ሙያዬን ጠላሁት፤ ዛሬም ያ ጥላቻ ከልቤ ጨርሶ አልወጣም።

ፈቃዱን ግን ጡረታ እስክወጣ በየጊዜው አሳድሼዋለሁ፤ ሌላ እንጀራ አልነበረኝም። ፈታኞች ስለ ወተት፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ጥራጥሬ ጠይቀውኛል። ስለ አያ ደረሰ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ እናንተ የሙያው ጀማሪዎች ሳትጠየቁ ያዙት፤ ምግቡ ሲሠራ ቆማችሁ ሳታዩ ለሕመምተኛ አትማሉ። ይህን ጠብቃችሁም ሕመምተኛው ሊሞትባችሁ ይችላል።