ሰፈሩ ሁሉ ሙክት ያረደበት ፋሲካ

በሃምሳ ዓመቴ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመርኩ መምህር ነኝ። አማካሪዬ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ሳየው ግን ቁጭ ብድግ እላለሁ። የማጠናው የአውራ በግ ዘር እንዴት እንደሚበስል ነው። ዘሩ ከቆለጥ ሲወጣ ጭራ አለው እንጂ መዋኘት አያውቅም። ከቆለጡ ጀርባ በተጠቀለለች ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ፕሮቲኖች እየተለጠፉበት ነው ለወግ የሚበቃው። ለወግ ለመብቃት የእኔ ቱቦ ሳይረዝም አልቀረም።

ሁዳዴ ገባና ናሙና የምወስድበት በግ የሚያርድ ጠፋ። አማካሪዬም፣ «ጋሼ፣ ለፋሲካ ናሙናውን ካላመጡ የዘንድሮ ምርቃት አለፈዎት» አለኝ።

ማራኪ የሚባለውን ሰፈሬን እየዞርኩ ጎረቤቶቼን ለመንኩ። እንግዲህ በጾም፣ ከቅዳሴ ለሚመለሱ እናቶች «ቆለጥ» ይባላል? «የፋሲካውን በግ ለጥናቴ ስለምፈልገው እኔ ሳልመጣ እንዳታርዱ» ብዬ ብቻ አለፍኩ።

የፋሲካ ለት በማለዳ ሳጥኔን ይዤ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። የሰፈሩ ትልቅ እናት ወጡ።

«ና መምህር፣ ና! ለአንተ ጥናት ከሲታ አይታረድም ብለን ሸጋ ሙክት ነው የገዛን!»

«ሙክት?»

«ላቱን እየው እስቲ!»

ላቱን አየሁ። ከላቱ በታችም አየሁ። የተኮላሸ በግ ምን ይኖረዋል?

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? አነሰ?»

«ኧረ እማማ፣ በዛ እንጂ!»

ቀጥሎ ያለውም ቤት ሙክት። ከዚያም ቀጥሎ ሙክት። ለካ ሊያኮሩኝ ተመካክረው ነው የገዙት፤ የገዛ ሚስቴ ሳትቀር! ባዶ ሳጥኔን ታቅፌ ደጃፌ ላይ ተዘረፈጥኩ። ምርቃቴም አብሮኝ ተዘረፈጠ።

በዚህ መሃል የሚስቴ አባት ከደባርቅ ደረሱ። አንድ ቀንዳም በግ ይጎትታሉ፤ በጉም እሳቸውን ይጎትታል።

«ልጄ፣ አፍሬብሃለሁ» አሉ ገና ከሩቁ። «ሙክት ላመጣልህ ብዬ ገበያው ተሟጦ ጠበቀኝ። ይኼ አውራ ነው፤ ሥጋው ጥርስ ይነቅላል...»

ሳይጨርሱ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀጥዬ በጉን ሳምኩት።

«አንቺ!» ብለው ልጃቸውን ተጣሩ። «ባልሽ ጤና ነው?»

እንደታረደ ፍሬውን ሙቀቱ ሳይለቀው ይዤ ወደ ላብራቶሪ ሮጥኩ። ሽማግሌውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉኝ፤ ያበድኩ እንደሆነ ሊይዙኝ መሰለኝ። ከቱቦዋ መግቢያ የወሰድኩት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቅልፍ ላይ ነው። ከመጨረሻዋ የወሰድኩት ግን እንደ ጥምቀት ሕዝብ ይተራመሳል! አጎንብሰው ብዙ አዩና፣

«እነዚህ ሁሉ ወዴት ነው የሚሮጡት?» አሉ።

«ወደ ምርቃቴ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያማ ሸጋ ነው» አሉ ቀና ብለው። «ለምርቃትህ ግን ሙክት ነው የማመጣው፤ እንዳትከለክለኝ!»