ሀምዳና ወንበሩ ላይ የቀረው ኮት

ስለ ሀምዳ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። እኔ ካሰች እባላለሁ፣ አዋሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጽዳት ነኝ። የማውቀው መጥረጊያ ይዤ ስዞር ያየሁትን ነው። ማንበብና መጻፍም ዘግይቼ ስለተማርኩ ነገር ቶሎ አይሄድልኝም፤ የቸኮለ ሰው ቢያልፈው አልቀየምም። ብቻ ስለ እሷ የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም። እኔ ደግሞ አብሬያት ወንዙ ዳር አዳይቱ ድረስ ወርጃለሁ፤ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ሀምዳ ሰው ኃይል ክፍል ነው የምትሠራው። ሠራተኛ የሚቀጠረው፣ የሚዛወረው፣ ፈቃድ የሚወጣው፣ ሲጣላም የሚከሰሰው እዚያ ነው። የተወለደችው ከአዳይቱ ወዲያ፣ ግመል አርቢ ቤት ውስጥ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፣ ዳጉ ይሉታል። የት ዘነበ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ሁሉም ይነገራል። ያዩትን ያየሁት፣ የሰሙትን የሰማሁት ብለው ለይተው ነው የሚናገሩት። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

ትንሽ ልጅ ሆና አንድ ቀን ለአባቷ፣ «የጎረቤታችን ሚስት ወለደች» ብላ ነገረቻቸው አሉ። አባቷ ቀና ብለው፣ «ዓይንሽ ነው ጆሮሽ?» አሏት። ጆሮዋ ነበር፤ ከልጆች ነው የሰማችው። በዚያ ፀሐይ ሄዳ አይታ እንድትመጣ መልሰው ላኳት። ስትደርስ እናትየዋ ሕፃኑን ታቅፋ እሹሩሩ ትለዋለች። ሕፃኑ ግን ሞቷል። ሀምዳ ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አየሁ አላልኩም ካሱ» አለችኝ። ቢሮም ሰው ክስ ይዞ ሲመጣባት መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «ዓይንህ ነው ጆሮህ?» ብላ ነው። አንዳንዱ እዚያው ክሱን አጥፎ ይሄዳል።

ገዋኔ ተማረች፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አገባች። ባልየው ከድንበሩ ከገላፊ ማዶ ሌላ ቤት ሠርቶ እዚያው ቀረ። ሥራ ፍለጋ እኛ ጋ ስትመጣ የፈለጋት አልነበረም። የተቀበሏት የሰው ኃይል ኃላፊው ጋሼ ኃይለ ልዑል ናቸው። ከደብረ ብርሃን በኩል የመጡ ሰው ናቸው፣ አፋርኛ ግን እንደ አገሬው ነበር የሚናገሩት። ሥራ ያስተማሯት፣ ሰመራ ኮሌጅ ገብታ እንድትማር የገፏትም እሳቸው ናቸው።

የጋሼን ኮት የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ቡናማ ኮት ናት። በአዋሽ ሙቀት ኮት የሚለብስ የለም፣ እሳቸውም ለብሰዋት አያውቁም። ወንበራቸው ላይ ነው የምትውለው። «ለወንበሩ ነው የገዙለት» እያልን እንስቅ ነበር። ሻይ ቤት ይሁኑ፣ መስክ ይሁኑ፣ ባለጉዳይ መጥቶ «ጋሼ አሉ?» ሲል ጸሐፊዋ ሎዛ ቀና ሳትል፣ «ኮታቸው አለ፣ አሉ» ትላለች። ሰውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ለስብሰባ ወደ ሰመራ በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ፒካፕ ራሳቸው እየነዱ ሄዱ። አዋሽ ወንዝ ሞልቶ ነበር። መኪናዋ ከአዳይቱ ድልድይ በታች ጭቃ ውስጥ ተገኘች። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ዋናተኞች ፈለጉ፣ እረኞችም ወንዙን ተከትለው ወረዱ፤ ምንም። እህታቸው ከደጋ መጥተው ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ኮቷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው መለሱት። «ይሁን፣ ሲመጣ ይለብሳታል» ብለው ትተዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልነካትም። እኔ ብቻ አቧራዋን አራግፋለሁ። ኪሷ ውስጥ ግማሹ የታኘከ መፋቂያ ነበር፤ ጋሼ ከአፋቸው አይለዩትም ነበር። እዚያው ተውኩት። ሀምዳ ሥራውን ሁሉ ትሠራለች፣ ግን በራሷ ጠረጴዛ ላይ ሆና። ወንበሩን ዞራ ነው የምታልፈው። ሎዛም ባለጉዳይ ሲመጣ ልማድ ሆኖባት «ኮታቸው አለ፣ አሉ» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያልሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የሉም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ እኮ፣ እትዬ ካሰች። አንቺ በይው እስቲ።»

እኔም አላልኩትም።

ሙእሚን የሚባል ግመል አርቢ ከአዳይቱ የመጣው ያኔ ነው። የወንድሙን ልጅ የጥበቃ ቅጥር ሊጠይቅ ነበር። ሎዛ ያንኑ መለሰችለት። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ኮቷን ብዙ አያት። ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ ጠዋት ላራግፍ ኮቷን ስይዝ የእጅጌዋ ጫፍ እርጥብ ነው። አሸተትኩት። የወንዝ ጭቃ ጭቃ ይላል። ውጪ ምድሩ ደርቆ ንፋሱ አሸዋ ያነሣል። ለሎዛ ነገርኳት።

«የቬንትሌተሩ ነው» አለችኝ።

«ቬንትሌተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚያንጠባጥበው?»

ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች። ሌላም ቀን እርጥብ ሆና አገኘኋት። ያን ቀን እስከ ክርኗ ነበር። ለሀምዳ አሳየኋት። እጅጌውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ መልሳ ለቀቀችው።

ምክር ቤቱ ሰው ኃይሉን ማን ይምራው ብሎ የተሰበሰበው በዚያው ሰሞን ነው። ሻይ የማድለው እኔ ስለሆንኩ ሰምቻለሁ። ምክትል ከንቲባው አቶ መሀመድአሚን ክፍሉ ከሳቸው ሥር እንዲሆን ፈልገዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ነገር መጎተት ነው የማይወዱት። ሀምዳንም መስክ ላይ ወደሚሠራ ክፍል አዛውራታለሁ ብለዋል። ከንቲባው ደግሞ ሀምዳ ትሹም ባይ ናቸው። መካከል ላይ አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል እጃቸውን አነሡ።

«ዳጉ ደርሶኛል» አሉ። «ኃይለ ልዑልን አዳይቱ፣ ወንዙ ዳር፣ ግራር ሥር ተቀምጦ ያየው ሰው አለ። አለ የተባለ ሰው ወንበር ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም።»

አቶ መሀመድአሚን፣ «ኧረ ወገኖቼ፣ በመንግሥት ሥራ የሞተ ሰው እንኳን ጡረታ አይወጣም ማለት ነው?» አሉ። ትንሽ ተሳቀ።

ሀምዳ ተነሣች። «ዳጉውን የለቀቅነው እኛ ነን» አለች። «ሙእሚን እዚህ መጥቶ ሲጠይቅ አሉ አልነው። ሰምቶ ሄደ። የላክነው ነው የተመለሰልን።»

«ሰውዬው በዓይኔ አየሁ ነው የሚለው» አሉ ሽማግሌው።

ሀምዳ ተመልሳ ተቀመጠች። በዓይኔ ያለን አፋር ዋሸህ ልትለው አትችልም።

ከንቲባው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ «ለኃላፊነቱ ቃለ መጠይቅ ሰመራ ተጠርተሻል አይደል?» አሏት። «እግረ መንገድሽን አዳይቱ ውረጂ። ይሄን ነገር ጨርሰሽ ከመጣሽ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልሆነ ክፍሉ ወደ መሀመድአሚን ይሄዳል፣ እኔም ከዚህ በላይ አልሟገትልሽም።»

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ካሱ፣ አብረሽኝ ሂጂ። ኮቷን አንቺ ያዣት፣ እኔ አልችልም።» ገባኝ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ጋሼ ሞተዋል ማለት አለባት። ያን ደግሞ እስካሁን በአፏ አላለችውም። እንጀራ የሰጧት ሰው ናቸው።

ኮቷን በፌስታል አድርጌ በሚኒባስ ሄድን። ገዋኔን ስናልፍ ፌስታሉ ጭኔ ላይ ከበደኝ። ፍራቻዬ መሰለኝ። ቀሚሴ ግን እርጥብ ነበር።

ሙእሚንን ከአዳይቱ ወጣ ብሎ ግመሎቹን ውሃ ሲያጠጣ አገኘነው። እኩለ ቀን ነው፣ ምድሩ ይነድዳል። ወንዙ ጎድሎ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ከኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ግመሎቹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ ጥላው ሥር አንዷም የለችም። ሙእሚንና ሀምዳ ቁጢጥ አሉ። ወሬው በአፋርኛ ነው፤ ከኖርኩበት ብዛት ግማሹን ሰምቻለሁ፣ የቀረውን ሀምዳ ናት የነገረችኝ።

«ዓይንህ ነው ጆሮህ?» አለችው።

«ዓይኔ ነው፣ ልጄ። ሰውዬው እዚያ ግራር ሥር ተቀምጧል። ሸሚዙ እርጥብ ነው። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሯል። ዳጉ ሰጠሁት፣ እሱ ግን አልሰጠኝም። ወንበሬ ላይ ሰው አለ ወይ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ምን አልከው?»

«የሰማሁትን ነገርኩት። አንተ አለህ ይላሉ አልኩት። ካሉ እንግዲህ አለሁ አለኝ። ይኸው አልተነሣም። ግመሎቼም ጥላውን ትተውለታል።»

ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፣ እኔ ግን በረደኝ። ሀምዳ ሙእሚንን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ አንድ አንድ ቃል እያወጣች ተናገረች።

«ዳጉ ልስጥህ። ያየሁትን ነው። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ያለው ኮት ነው። አለ ያልነው ልባችን እምቢ ብሎ ነው እንጂ አይተን አይደለም። ኃይለ ልዑል ሞቷል። ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ሀምዳ። ካገኘኸው ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሙእሚን።

ኮቷን ከኔ ተቀበለችና ብቻዋን ወደ ግራሩ ሄደች። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለቻት፣ ትከሻዋን አስተካከለችላት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ያለችውን አልሰማሁም። ተመልሳ እጄን ይዛ ወደ አስፋልቱ መራመድ ጀመረች።

«አትዙሪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ካየሽ መናገር አለብሽ።»

አልዞርኩም። ንፋስ አልነበረም፣ ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም። ከኋላዬ ግን ጨርቅ ሲራገፍ ሰማሁ። ሰው ኮቱን ሊለብስ ሲል አቧራውን እንደሚያራግፈው፣ ጧ፣ ጧ። ይሄ ከጆሮዬ ነው። ከዓይኔ የምለው የለኝም።

ሰመራ ስንደርስ ከቢሮው ውጪ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ምን እንደጠየቋት ጠየቅኳት። «ለምን አንቺ ትሆኛለሽ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«የሌለን ሰው የለም ማለት እችላለሁ አልኳቸው። አልገባቸውም መሰለኝ፣ ጻፉት ግን።»

አዋሽ ስንመለስ የሆነውን ሁሉ ለምክር ቤቱ ተናገረች፤ ያየችውን ያየሁት፣ የሰማችውን የሰማሁት እያለች። ሽማግሌው፣ «ተነግሮታል እንግዲህ፣ በቃ» አሉ። ከንቲባው ቃላቸውን ጠበቁ። አቶ መሀመድአሚንም ተነሥተው ጨበጧት። «እኔ ከሕያዋን ጋር እንኳን አልቻልኩም፣ አንቺው ያዥው» አሏት።

ሀምዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሎዛን ጠርታ፣ «እዚህ ወንበር ላይ ሻሽም ቢሆን ጥዬ ከሄድኩ አንሺው። ስኖር አለች፣ ስወጣ የለችም በይ» አለቻት። ሎዛ አለቀሰች፣ ግን እንደተባለችው ታደርጋለች። ባለጉዳይ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። የለችም ሲባል ተነሥቶ መሄድ አልለመደማ።

ሙእሚን ግመል ይዞ ለገበያ የመጣው ወንዙ ጭራሽ ጎድሎ በነበረ ጊዜ ነው። ቢሮ አልገባም። ሀምዳ ወጥታ በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለችለት። እኔ ደጁን እየጠረግኩ ነበር።

«ሰውዬውን አገኘሁት» አለ። «ኮቱን ለብሷል። መፋቂያውን እያኘከ ነው።»

መጥረጊያዬ ከእጄ ወደቀ። ኪሷ ውስጥ ስለነበረው መፋቂያ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሀምዳም ቢሆን።

«ወንበሬ ላይ ሰው አለ ወይ አለኝ። ሀምዳ አለች፣ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ አልኩት። እንግዲያ የለሁም አለኝ። ተነሥቶ በወንዙ ወረደ። ግመሎቼ አሁን ጥላው ሥር ይተኛሉ።»

ሀምዳ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ዓይንህ ነው ጆሮህ?» አለችው።

«ዓይኔ ነው፣ ልጄ።»

አመሰገነችውና ተነሣች። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ገባች። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ወዲያው አንድ ባለጉዳይ መጥቶ ሎዛን ሲጠይቃት፣ ቀና ብላ በበሩ ወደ ውስጥ አየችና፣ «አለች፣ ግባ» አለችው።