እማዬ እንደ ጋን የመረገችው ጉድጓድ

ዝናብ ባባራ ቁጥር ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ከተከመረው ቆሻሻ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይነሳል፤ ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ እኔን ግን ቦሌ ቡልቡላ ገና የገበሬ አገር ወደነበረበት ወደ ደርግ ዘመን፣ ወደ እማዬ ጉድጓድ ይመልሰኛል።

አባቴ ወደ ጦር ግንባር ከሄደ በኋላ የጎመኑ መሬት በእማዬ ጫንቃ ላይ ወደቀ። መሬቱ ደክሟል፣ ማዳበሪያ ደግሞ የሚታደለው ለአምራቾች ማህበር አባላት ብቻ ነበር። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር በአጥራችን ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ «አንቺ ሴትዮ፣ የሚመጣው ክረምት ሳይወጣ ካላፈራ ለአምራቾቹ ማህበር ይሰጣል፤ መሬት ጦሙን አያድርም» ይላት ነበር።

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠጥር አንድ የግብርና ሠራተኛ መጣና፣ የበቆሎ አገዳውን፣ ገለባውንና እበቱን ጉድጓድ ውስጥ አነባብራችሁ የቆየ ብስባሽ ጣል አድርጉበት፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት በልተው አፈር ያደርጉላችኋል አለ። ጠላ እየጠመቀች የምታሳድገን እማዬ ሳቀች። «እርሾ ነው በለኛ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ እበቱ ኩበት መሆኑ ቀርቶ ወደ ጉድጓዱ ይገባ ጀመር፤ እኔና ወንድሜም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጭራሮ ፍለጋ እስከ ጎሮ እንኳትን፣ ተመልሰን ደግሞ የጠላውን አተላ በባልዲ ተሸክመን ጉድጓዱ ላይ እንደፋ ነበር።

ኅዳር ላይ ጉድጓዱ ሲሞላ እማዬ አፉን እንደ ጠላ ጋን በጭቃና በጭድ ጥርቅም አድርጋ መረገችው። ጠላ የሚፈላው ታፍኖ ነው፤ እርሾ ከሆነ ምን ልዩነት አለው? በጋውን ጠብቃ ስትከፍተው ግን ያገኘነው አፈር አልነበረም፤ የሚያሟልጭ፣ የሚገማ ጥቁር ነገር ነበር። ወንድሜ «እማዬ፣ ይሄን ጠላ ማን ይገዛሻል?» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፣ እሷ ግን በአካፋው ጫፍ ጥቁሩን ነገር ቆሰቆሰችው።

ሽታው የጠራቸው ጎረቤታችን እማማ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ጋን እኮ አይደለም ልጄ፣ ነፍሳቱም ይተነፍሳሉ፤ አፍነሽ ፈጀሻቸው!» አሏት።

«እኔስ መች ተነፈስኩ፣ እማማ?»

የቀረውን ድካም ምን ልበላችሁ። ሁሉንም አውጥተን ከደረቅ ገለባ ጋር እያናፈስን ቆለልነው፣ እማማ ጫልቱም ከበረታቸው ሥር የቆየ ብስባሽ በቁና ሰጡን፣ ከዚያማ ወገባችን እስኪቆረጥ ክምሩን እናገላብጥ ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጀምር አንድ ጠዋት እማዬ እጇን ክምሩ ውስጥ ከተተችና «ኑ ንኩት፣ ሞቋል፤ ሥራ ላይ ናቸው» አለችን።

ክምሩ አፈር ሲሆን መሬቱ ላይ በተንነው፤ ክረምቱ ሲጋመስም ጎመኑ ከጉልበቴ በላይ ቆመ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ቅጠሉን ሲያገላብጥ ከቆየ በኋላ «መሬቱ ያንቺው ነው» አላት፤ እፎይ ሳትል ቀጠለና «እንግዲህ ለማህበሩም እንዲህ ያለ ክምር ትሠሪልናለሽ» አለ። «እሺ ጓድ» ብላ ሸኘችው፣ ገብታም ጭቃ የያዘ ጫማዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

ዛሬ እዚያው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የድንች ልጣጩን በፌስታል ቋጥሬ አወርዳለሁ፣ መኪና ይወስደዋል፤ ካላፈራሽ እንነጥቅሻለን የሚለኝም የለም። ማታ ማታ እኔም ደክሞኝ እገባለሁ። የእማዬ ድካም ግን ክረምት ሲመጣ ጎመን ሆኖ ይበቅል ነበር፤ የእኔው ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።