አልነቀል ያለው ጢም

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው። የብቸና ልጅ ነኝ፤ የምማረው ሞጣ ነው። ነገሩን ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ እሸማቀቃለሁ።

የትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ መምህር «ኮሜዲያ ዴላርቴ» የሚባል የጣሊያኖች የጥንት አስቂኝ ቴአትር ያለማምደን ነበር። ጽሑፍ የለውም። ታሪኩን ታውቃለህ፣ ጭምብል ታጠልቃለህ፣ ንግግሩን እዚያው ትፈጥራለህ። ማንም ቢገባ፣ ምንም ቢል ተቀብለህ ትቀጥላለህ እንጂ ማቋረጥ የለም።

እኔ ተደባዳቢው አሽከር ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ይርጋ ደግሞ ልጁን አልድርም የሚለው ጌታዬ። የዚያን ቀን መምህራችን ስላልነበረ ልጓም የለንም። አንገቱን ይዤ ስጥለው ይርጋ «የሰው ያለህ! ገደለኝ!» እያለ ሰፈሩን አቀለጠው። በእኛ አገር ይህን ጩኸት ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ እንደሌለ ማን ያስታውስ!

እዚህ ላይ ገብቶ የሚገላግለን ሰለሞን ነበር፤ ጋቢ ለብሶ፣ የጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ሽማግሌ ሆኖ። በካርቶን ጭምብሌ ቀዳዳ ጋቢና ነጭ ጢም አየሁ። «በማርያም! በማርያም ልቀቀው!» ይላል። ድምፁን እንዴት ቢለማመደው ነው ብዬ ተደነቅሁ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ!» ብዬ ጢሙን ጎተትኩ። አልነቀል አለኝ። ዳር የቆሙት ልጆች አልሳቁም። ቀልዱ አንሷቸው ነው ብዬ ያለ የሌለ ኃይሌን ተጠቅሜ ደገምኩት።

«እሺ ልጄ፣ እኔን ጎትት» አለ ድምፁ። «እሱን ብቻ ተወው።»

ጭምብሌን ሳወልቅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚኖሩት አያ ተሻለ ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ጨዋታ ነው አያ፣ ልምምድ ነው!»

«ጨዋታ ከሆነስ እሰየው» ብለው አነሱኝ። ግን አላመኑኝም። ይርጋን ወደ መስኮቱ ወስደው አንገቱን አገላብጠው አዩት።

በማግስቱ ይቅርታ የሚጠይቅልኝ ሽማግሌ ልልክ ፈልጌ ሰው ሳማክር፣ በሰፈሩ ለዕርቅ የሚላኩት ራሳቸው አያ ተሻለ መሆናቸውን ነገሩኝ። አማራጭ አልነበረኝም፤ ራሴ ሄድኩ። እሳቸው ይቅር ካሉኝ ቆይተዋል።

አሁን የሚያሳፍረኝ ጢማቸውን መጎተቴ ብቻ አይደለም። በዚያ በር የማልፈው እኔ ብሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። የምገባ አይመስለኝም። ደጅ ቆሜ በስልኬ እቀርጽ ነበር።