ከገዛ ደም

ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ተረከዜ ውስጥ ምስማር ያለ ይመስለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ በወንበር ተቀምጬ ማስተማሩን ለመድኩት። ያልቻልኩት የአባቴን ቤት ነው። ቤታቸው አንኮበር፣ መኪና ከሚቆምበት በታች፣ በእግር ብቻ በሚወረድ ቁልቁለት ላይ ነው። አባቴ እያረጁ፣ እኔ ከዓመት በላይ ደጃቸውን አልረገጥኩም። በስልክ ብቻ የሚጠይቅ ልጅ መሆኔ ያንገበግበኝ ነበር።

የመጀመሪያው መርፌ ኮርቲዞን የሚባል ማስታገሻ ነበር። ጉድ እኮ ነው! በሳምንቱ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። ምን ዋጋ አለው፣ ለአንኮበር ስዘገጃጅ ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሕመሙ ተመለሰ። ይደገምልኝ ስል ሐኪሟ አመነታች፤ ሲደጋገም የእግርን ጅማት ሊያሳሳ፣ ሊበጥስም ይችላል አለችኝ። ሌላ መርፌ አለ፣ ከደም የሚዘጋጅ። ቶሎ አያሽልም፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ከሆነ ግን እፎይታው ሊሰነብት ይችላል አለችኝ።

ለአባቴ ደውዬ፣ "መድኃኒቱ ከገዛ ደም ነው የሚወሰደው" አልኳቸው። መቼና የት እንደሆነ ብቻ ጠይቀው ስልኩን ዘጉት።

በቀጠሮዬ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እህል አልቀመሱም።

"አባባ! ምን ሆነው መጡ?"

"ከገዛ ደም አላልከኝም? ከእኔ የቀረበ ደም አለህ እንዴ?" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሳቄ መጣ፤ እንባዬ ግን ቀደመው። እኚህ ሰው መርፌ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ናቸው።

ሐኪሟ ደሙ ከበሽተኛው ከራሱ እንደሚቀዳ ስታስረዳቸው ቅር አላቸው። "ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?"

"እግሩን ይያዙልኝ" አለቻቸው።

ደሜ በብልቃጥ ተቀዳ፤ ደም የሚለይ ማሽን አሽከረከረው። ሲወጣ ቀዩ ከታች ረግቶ፣ ከላይ የነጠረ ቅቤ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ዘመን በውስጤ ሲዞር አላውቀውም ነበር! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባቴም ብልቃጧን አተኩረው ሲያዩ ቆዩና ወደ ሐኪሟ ዞሩ።

"እሱስ ቢሆን ከማን ያገኘው ነው?"

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ፈሳሹን በመርፌ ሳበችው።

ይኼኛው መርፌ ከፊተኛው ይብሳል፣ አልዋሽም። አባቴ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ መርፌው እስኪወጣ ዓይናቸውን ከላዩ አልነቀሉም።

ሳምንታት ሙሉ ለውጥ ስላላየሁ ተነጫነጭኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው ተረከዜ ትዝ ያለኝ።

አንኮበር ከመኪና ወርጄ ቁልቁለቱን ስጀምረው አባቴ ከታች አዩኝ። "ቀስ! ቀስ በል እንጂ!" እያሉ፣ እኔን ሊደግፉ በዚያ ዕድሜያቸው ሽቅብ ይሮጡ ጀመር።